«ጥሪዬን በዶላር ለውጬው ይሆን?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ያደግሁት በመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አገር ቤት ሳለሁ 11 ዓመት የሙሉ ጊዜ ወንጌላዊት ነበርኩ። አሜሪካ ከመጣሁ 6 ዓመቴ ነው። አሁን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ደመወዜ ለእናቴ መድኃኒትና ለታናናሾቼ ትምህርት ይሄዳል። እዚህ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅም። ወንበር እደረድራለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ ከኤርፖርት እቀበላለሁ፣ ሐኪም ቤት ወስጄ አስተረጉምለታለሁ። በቅርቡ አንዲት እህት «አንቺማ ጥሪሽን በዶላር ለወጥሽው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሥራዬን ልተወው? እግዚአብሔር አዝኖብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽን አትተዪ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረውን በተረጋጋ ልብ እንድታነቢው ብዬ ነው።

ስለ ጸሎት፣ ስለ ቃሉ ንባብ፣ ስለ ኅብረት አልነግርሽም። ለሌሎች ስታስተምሪው ኖረሻል። የማተኩረው በአንድ ቃል ላይ ነው። «አገልግሎት» በሚለው ቃል።

ይህን ያንቺን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከታክሲ ሹፌር ሰምቼዋለሁ። ቤሩት ሰው ቤት ከምትሠራ እህት ሰምቼዋለሁ። በአገሩ ሽማግሌ ከነበረና አሁን መኪና ማቆሚያ ከሚጠብቅ ወንድም ሰምቼዋለሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ድሮ አገልጋይ ነበርኩ»። «ነበርኩ» የምትለዋ ቃል ልቤን ትሰብረዋለች። ሰዎቹ ማገልገል አላቆሙም። ማይክራፎኑ ነው የቀረው። እኛ ግን ማይክራፎኑንና አገልግሎቱን አንድ አድርገን አስተምረናቸዋል። ይህ የእኛ የአስተማሪዎቹ ጥፋት ነው፣ ልንናዘዝበት ይገባል።

በየቤታችን አገልጋይ ማለት ለሌላው የሚታዘዝ፣ ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥብ ሰው ነው። ቃሉን ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣነውና የማዕረግ ስም አደረግነው። ጌታችን ግን በመጨረሻዋ ማታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ውኃ በመታጠቢያው ጨመረ (ዮሐንስ 13)። ሌሊት ሺፍት ላይ ሆነሽ አንድ የደከሙ አዛውንት አጥበሽ ከሆነ፣ የሠራሽውን ሥራ ስም ከዚያ ምዕራፍ ፈልጊው።

አንድ ስደተኛ ላስተዋውቅሽ። የመሠረተ ክርስቶስ ልጅ ስለሆንሽ ሜኖናይቶች፣ ቤተ ክርስቲያናችን የተገኘችባቸው የፕሮቴስታንት ወገኖች፣ ዘመዶችሽ ናቸው። ይህም ሰው ሜኖናይት ነው። ስሙ ክሪስቶፈር ዶክ ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጀርመን አገር ወጥቶ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ገባ። ወገኖቹ በአውሮፓ በእምነታቸው ምክንያት ብዙ ተገፍተው ነበር። ከ1683 ጀምሮ (የዶክን ታሪክ ዓመታት የምጠራልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ጥቂት ጥቂት እያሉ እየተሻገሩ እዚያ ሰፍረዋል። በነዚያ ሰዎች ጉባኤ ሰባኪው ደመወዝ አልነበረውም። በዕጣ ይመረጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ ያርሳል፣ እሑድ ይሰብካል። ሰባኪያቸው እጁ ላይ የማረሻ ጠባሳ ነበረው ማለት ነው። «እንጀራ ፍለጋ ሄዶ ጥሪውን ጣለ» ያለው ሰው አልነበረም።

ዶክ ደግሞ ሰባኪ እንኳ አልነበረም። የልጆች መምህር ነበር። ስኪፓክ በምትባል መንደር 10 ዓመት ያህል አስተማረ። በ1728 ትምህርት ቤቱን ተወና ወደ እርሻ ገባ። አንዳንድ በጋ ለጥቂት ወራት ከማስተማሩ በቀር 10 ዓመት በእርሻው ቆየ። በ1738 ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስቱን ቀን ስኪፓክ፣ ሦስቱን ቀን ሳልፎርድ ያስተምር ነበር። የአንዱ ትምህርት ቤት ልጆች ለሌላው ትምህርት ቤት ልጆች ደብዳቤ ይጽፋሉ። አመላላሹ እሱ ነው።

አዲስ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲገባ የሚያደርገውን ስሚ። መጀመሪያ የቀሩት ልጆች አንድ በአንድ እጃቸውን ዘርግተው ይጨብጡታል። ቀጥሎ መምህሩ፣ «ይህን ልጅ ማን ይረከበዋል? ማን ያለማምደዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ፈቃደኛ ካልተገኘ፣ ለሚረከበው ልጅ ወፍ የተሣለበት ወረቀት እሰጣለሁ ይላል። ልጁ ፊደል የቆጠረ ዕለት አባቱ አንድ ሳንቲም፣ እናቱ ሁለት የተጠበሰ እንቁላል ዕዳ አለባቸው። በዱላ ዘመን የኖረ መምህር ነው ይህን የሚያደርገው።

አንቺ ኤርፖርት ቆመሽ የምትቀበያቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ሻንጣቸውን ይዘው ግራ ተጋብተው ሲወጡ «ማን ይረከበዋል?» የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እጅሽን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ያውም ወፍ ሳይሣልልሽ።

ዶክ የማስተማር ዘዴውን ጽፎ እንዲሰጥ በ1750 ተለምኖ ጻፈ። እንዲታተምለት ግን አልወደደም። ራሱን ያወደሰ እንዳይመስልበት ፈራ። መጽሐፉ የታተመው በ1770 ነው። ሃያ ዓመት! ዛሬ አንድ የጸሎት ፕሮግራም ሳንፎክር መጨረስ አቅቶናል። የዘመናችን ፖስተር ላይ የአገልጋዩ ፎቶ ከመስቀሉ በላይ ይገዝፋል። ይህን የምለው በቁጣ አይደለም፣ በሐዘን ነው።

አሁን ቅር የሚል ነገር ልንገርሽ። ዶክ ትምህርት ቤቱን ትቶ ባረሰባቸው ዓመታት ልቡ ይወቅሰው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ስለዚህ «የሚሰማሽ ወቀሳ ሁሉ ሐሰት ነው» ልልሽ አልችልም። እርሻ ኃጢአት ስለሆነ አልነበረም የተወቀሰው። ወገኖቹ ሁሉ ያርሱ ነበር። የተወቀሰው በአደራ የተሰጡት ልጆች ስለነበሩ ነው። ጥሪ የምንለውም ይሄንኑ ነው፦ አደራ የተባልሽላቸው ሰዎች። ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው «መድረኩን ትቻለሁ ወይ?» ብለሽ አይደለም። «ሰዎቹን ትቻለሁ ወይ?» ብለሽ ነው። ከደብዳቤሽ እንደማየው አልተውሽም። እናትሽንም አልተውሻትም። «ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው» የሚለው ቃል (1 ጢሞቴዎስ 5፥8) የተጻፈው ለሰባኪም ነው።

ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ለእናትሽ መድኃኒት የሚሆነውን ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ ለተሻለ መኪና ሲባል ሁለተኛ ሺፍት የምትጨምሪበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ኦቨርታይሙ ይጣፍጣል። ያን ጊዜ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ይጠፋል፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም ይጠፋል። ያን ቀን የዚያች እህት ቃል እውነት ይሆናል። ዛሬ ግን አይደለም።

«ወንጌላዊት ሆኜ ሳለሁ ግን የምናገረው ነበረኝ» ትዪኝ ይሆናል። ጵርስቅላን አስቢያት። እሷና ባሏ አቂላ ከሮም የተባረሩ ስደተኞች ናቸው። የሮም ንጉሥ ቀላውዴዎስ አይሁድን ሲያስወጣ ነው ቆሮንቶስ የገቡት (የሐዋርያት ሥራ 18)። ድንኳን ይሰፋሉ። ጳውሎስም ቤታቸው አድሮ አብሯቸው ሰፍቷል። ኤፌሶን ላይ በምኩራብ ቆሞ የሚናገረው አጵሎስ ነበር፣ ንግግሩም የተዋጣለት ነው። ግን የሚጎድለው ነገር ነበር። ያንን ማን ሞላለት? ድንኳን ሰፊዎቹ ወደ እነርሱ ወስደው መንገዱን በትክክል ገለጡለት። መድረክ ላይ የቆመውን ያቀናችው ሴት መርፌ የያዘች ስደተኛ ነበረች።

ወደ ራሳችን ቤት ልመልስሽ። ቤተ ክርስቲያናችን ከምን እንደተወለደች ረስተናል መሰለኝ። ሜኖናይቶቹ ከጦርነቱ በኋላ መጥተው ናዝሬት ላይ የከፈቱት ሆስፒታል ነበር፤ ያረጀ የጥጥ መዳመጫ ቤት ውስጥ። በኋላ መሪዎች የሆኑልን ብዙዎች ድሬሰሮችና መምህራን ነበሩ። ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ የዋሉ ሰዎች። አንቺ የሌሊት ጓንትሽን ስታጠልቂ ከቤተ ክርስቲያናችን ርቀሽ እየሄድሽ አይደለም። ወደ ተነሣችበት በር እየገባሽ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ። ሕንጻው ተወረሰ፣ መሪዎቹ ለዓመታት ታሰሩ። መድረክ የሚባል ነገር አልነበረም። ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተሰበሰቡ። ያኔ አገልጋይ የምንለው ቤቷን የከፈተችዋን እናት ነበር። ቡና አፍልታ በር በር የምታየዋን። ሲዘጋ ወደ 5,000 የነበረው ምእመን፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ሰው የዳነው አንድ ማይክራፎን ሳይበራ ነው። «ከተመሠረተው በቀር ማንም ሌላ መሠረት ሊመሠርት አይችልም» (1 ቆሮንቶስ 3፥11) የሚለው ቃል ስማችን የሆነው በከንቱ አይደለም።

ያችን እህት አትቀየሚያት። እሷም እንደ እኛው የተማረችውን ነው የተናገረችው። አንድ ቀን ወንበር ስትደረድሪ አብራሽ እንድትመጣ ጥሪያት። ስለ ክርክሩ ምንም አትናገሪ። ዝም ብላችሁ ደርድሩ። ለመጋቢያችሁም ንገሪው። የ11 ዓመት ወንጌላዊት በጓዳው ተቀምጣ እያለ አለማወቁ ለእሱም ጉዳት ነው። የማስተማር ዕድል ቢሰጥሽ አትግደርደሪ፣ ተቀበዪ። ባይሰጥሽ ደግሞ አትኩረፊ።

ስለ ዶክ የቀረኝ ነገር አለ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ተንበርክኮ ስማቸውን እየጠራ ይጸልይላቸዋል። በ1771 መጸው አንድ ማታ ወደ ማደሪያው ሳይመለስ ቀረ። ፍለጋ ሲሄዱ በጉልበቱ እንደ ተንበረከከ ሞቶ አገኙት።

አንቺም ጠዋት ከሥራ ስትወጪ መኪናሽን ወዲያው አታስነሺ። አምስት ደቂቃ ተቀመጪ። በዚያ ኮሪደር የተኙትን በየስማቸው ጥሪያቸው። ቁጡውን አዛውንትም፣ ስምሽን በየሌሊቱ የሚረሱትንም። ቀጥሎ ከኤርፖርት የተቀበልሻቸውን ጥሪ። የእናትሽን ስም መጨረሻ ላይ አድርጊው፣ እሷ ጋ ስትደርሺ እንባ ይመጣልና። ያንቺን ስም እኔ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጨምሬዋለሁ።