ስለ ዛፍ ዘር የመጣላችሁን ጠይቁኝ

ክረምት ሊገባ ነው፤ ችግኝ የሚፈልገውም በዝቷል። የዛፍ ዘር መልቀምና ማፍላት እንጀራዬ ነው፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቀይ ባሕር ዛፍ ያው ቀይ ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ ከየት መጣ ብሎ መጨነቅ ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ጠባዩ አንድ አይሆንም። ይህ ዛፍ በአገሩ በአውስትራሊያ ከሰሜን እስከ ደቡብ በየወንዙ ዳር ይበቅላል። ከሰሜን፣ ከፔትፎርድና ከካትሪን አካባቢ የተለቀመው ዘር ዝናቡ በሙቀት ወራት በሚጥልበት ቆላ ያምርበታል። ከደቡብ፣ ከአልባኩቲያ ሐይቅ የመጣው ደግሞ የተመሰገነው ዝናባቸው በብርድ ወራት በሆነው በሜዲትራኒያን አገሮች ነው። ቦታ ቢለዋወጡ ቅጠሉ ያው ነው፣ አጣናው ግን ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ የአፈሩ ሳይሆን የዘሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ሁሉንም አንድ ማሳ ላይ አብሮ በመትከል። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ተንከባካቢው አንድ ከሆነ፣ የሚቀረው ልዩነት ከዘር የመጣ ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሞረን ከየአገሩ ያስመጣውን የፓይን ዘር ሌ ባር በሚባል ርስቱ ጎን ለጎን መትከል የጀመረው በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ጂን (ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያወርደው ነገር) የሚባል ቃል እንኳ ሳይኖር። የበቆሎ ሙከራ በአንድ ክረምት ያልቃል፤ የዛፍ ሙከራ ግን የጀመረው ሰው ጡረታ ወጥቶም ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብርድ የሚያስችለው ጂን የትኛው ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አንድ አይደለም። እንደ ዕድር መዋጮ ነው፦ እጅግ ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ከዚህ ለየት ያለ ነገር የታየው ስዊድን ውስጥ ነው። እዚያ አስፐን የሚባለው ዛፍ ሌሊቱ መርዘሙን ሲያይ ማደጉን አቁሞ እምቡጡን ይዘጋል፤ የሰሜኑ ቀድሞ፣ የደቡቡ ዘግይቶ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የዚህ ልዩነት ትልቁ ድርሻ ኤፍቲ2 በተባለ ጂን ዙሪያ እንደሚገኝ አሳይቷል። የደቡቡን ወደ ሰሜን ብትወስዱት ገና እያደገ ሳለ ውርጭ ይደርስበታል። የሰሜኑን ወደ ደቡብ ብታመጡት ደግሞ ሙቀቱ ሳያልቅ ተኝቶ ጎረቤቱ ጥሎት ያድጋል።

እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ዘር ስመርጥ ቀድሜ የማየው ከፍታውንና የዝናቡን ወቅት ነው።

ጥያቄ፦ የአበባ ዱቄት ነፋስ ይዞት ሩቅ ይሄዳል። የደጋውና የወይና ደጋው ለምን አይደባለቅም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይደባለቃል እንጂ! ነገር ግን አንድ ዛፍ በዕድሜው እልፍ ዘር በትኖ አድገው የሚተኩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቦታው ያልተስማማው ገና ቡቃያ ሳለ ይቀራል። ወንፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ነፋሱ በየዓመቱ ቢደባልቀውም ልዩነቱ አይጠፋም። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ግን እኛው ውኃ እያጠጣን፣ ዳስ እየጣልን ወንፊቱን እናነሳዋለን። ለዚህ ነው ጣቢያ ላይ ያማረ ችግኝ ሜዳ ሲወጣ ጉድ የሚሠራን።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ አንድ ትልቅ ኮሶ አለ። ለሰፈሩ ሁሉ የሚሆን ዘር ከሱ ብለቅምስ?

መልስ፦ እማማ፣ አስቀድመው ሴቴ መሆኑን ይዩ፤ ኮሶ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው፣ አበባው ቀላ የሚለው ሴቴው ነው። ለጥላ ከሆነ ይልቀሙ፣ ችግር የለውም። ደን ሊሆን ከታሰበ ግን የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ትውልዱ ይደክማል። ተራርቀው ከሚገኙ ቢያንስ 25 እስከ 30 እናት ዛፎች ቢለቀም ይመረጣል።

ጥያቄ፦ አየሩ እየሞቀ ስለሆነ ከቆላ ዘር እያመጣን ደጋ ላይ ብንተክልስ?

መልስ፦ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ላርች የሚባለው ዛፍ ከተፈጥሮ ክልሉ ውጭ እንዲተከል ፈቅዳለች። ሆኖም ከ50 ዓመት በኋላ ለሚኖረው ሙቀት የመረጥነው ችግኝ መጀመሪያ የዘንድሮን የኅዳር ውርጭ ማለፍ አለበት። እኔ ብሆን ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ አምጥቼ ከአካባቢው ዘር ጋር አቀላቅለው ነበር።

ጥያቄ፦ ችግኝ ጣቢያ ስሄድ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ዘሩ ከየት ቀበሌ፣ ከስንት ሜትር ከፍታ፣ ከስንት ዛፍ እንደተለቀመ። «ከገበያ ገዝተን ነው» ካሉህ ሌላ ጣቢያ ፈልግ።