ወንድሜ ዝውውር እየጠበቀ ነው፤ ምን ላድርግለት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። ታናሽ ወንድሜ በቅርቡ 6 ዓመት ተፈረደበት። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ትዛወራለህ ተብሏል፤ የትና መቼ እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። ልጠይቀው ስሄድ ስለ ውሎው አያወራኝም። «ደህና ነኝ፣ አትመላለሺ፣ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ» ብቻ ነው የሚለኝ። እማዬ ደግሞ ፍራሽ ካልገዛሁለት ትላለች። አስም አለበት። እርስዎ በእስር ያለፉ ሰው ስለሆኑ እውነቱን ይነግሩኛል ብዬ ነው። ውስጥ እንዴት ነው የሚውለው? ምንስ ላድርግለት?
እህቱ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ «አትመላለሺ» ያለሽን አትስሚው። ሂጂ። ዝውውር የሚጠብቅ ሰው ጠያቂ ከቀረበት ይሰበራል። እንዲህ የሚልሽ የባጃጁንና የስንቁን ወጪ እያሰበልሽ ነው።

ውሎውን ልንገርሽ። እኔ የነበርኩበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ኑሮው ግን ብዙ ቦታ ይመሳሰላል። ሳይነጋ ለቆጠራ ይነሳል። ከዚያ የሽንት ቤትና የውኃ ወረፋ ነው። ሻይና ዳቦ ከቀመሱ በኋላ ሌላው ፍርደኛ ወደየሥራው ይሄዳል፤ አንዱ ሽመና፣ አንዱ እንጨት ሥራ፣ አንዱ ትምህርት። ዝውውር ጠባቂው ግን ግቢ ውስጥ ይቀራል። ልመዝገብ ቢል «አንተ ሂያጅ ነህ» ይሉታል። ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ዳማ ይጫወታል፣ የሰው ክርክር ይሰማል። ወደ 11 ሰዓት ገደማ እንደገና ይቆጠርና በሩ ይዘጋል።

የሚከብደው ሌሊቱ ነው። አልጋ የሚደርሰው በቆይታ ስለሆነ አዲስ ገቢና ሂያጅ የሚተኙት ወለል ላይ፣ በር አጠገብ ነው። ሲጨናነቅ ሁሉም በጎኑ ይተኛል፤ አንዱ መገላበጥ ከፈለገ ረድፉ በሙሉ አብሮት ይገላበጣል። ጆሮም አያርፍም። ብረቱ በተንኳኳ ቁጥር ልብ ይመታል። ምክንያቱም ቀኑ አስቀድሞ አይነገርም። ንጋት ላይ ስምህ ይጠራና «ሙሉ ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ትባላለህ። ወይ ተፈታህ፣ ወይ ተዛወርክ ማለት ነው። ያንን ጥሪ ሲጠብቁ ለወራት ልብሳቸውን ከፌስታል ሳያወጡ የኖሩ ሰዎች አይቻለሁ። ከስተው፣ ዝም ብለው።

እኔን ያተረፈኝ የክፍላችን ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ ነው። ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። ፌስታሌን ተቀብሎ ሚስማር ላይ ሰቀለልኝና ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌዎች ጋ አስቀመጠኝ። «እስክትሄድ አስተምራቸው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑ መልክ ያዘልኝ። ወንድምሽም መዝገብ የማያስፈልገው ሥራ አያጣም። ማስተማር አለ፣ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ አለ። ደብተርና እስክሪብቶ አስገቢለት። ስትጠይቂውም «መቼ ነው የምትሄደው?» አትበይው፤ ይህን እሱም አያውቅም። «ዛሬ ማንን አስተማርክ?» በይው።

ፍራሹን እማዬ ትተወው። የሚሄድ ሰው መኪና ላይ የሚጭነው በእጁ የያዘውን ብቻ ነው፤ ፍራሹ ለሌላ ሰው ይቀራል። ጋቢ ይሻላል፣ ለብሶትም ይሄዳል። በሶና ዳቦ ቆሎ ለመንገድም ይሆናሉ። በር ላይ ቅመሺ ይሉሻል፣ ቅመሺ።

የአስሙን ነገር ግን ዛሬውኑ ያዢው። በሰው በታጨቀ ክፍል አስም ቀልድ አይደለም። በአፉ የሚስበው መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ከእጁ እንዳይለይ፣ አንድ ትርፍም ይኑረው። የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ሕመሙንና መድኃኒቱን በወረቀት ይጻፍለት፤ ወረቀቱ አብሮት ይሂድ። ለአንቺም አንድ ኮፒ ይኑርሽ።

ይግባኝ የሚል ከሆነ ዝውውሩን አትጠብቁ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ለማለት ማሰቡን ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። የይግባኝ ማመልከቻውን ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ያስገባል። እስረኛ በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩልም ማቅረብ ይችላል። በዝውውር ግርግር ይህ ቀን ያለፈበት ሰው አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አመክሮንም አስቢ፤ ፍርዱ ሳያልቅ በጥሩ ጠባይ መፈታት ማለት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰ ሰው የአመክሮ በር ይከፍታል። ለወንድምሽ 4 ዓመት መሆኑ ነው፤ ፍርድ ሳያገኝ የታሰረበት ጊዜም ይታሰብለታል። ጥሩ ጠባዩ ግን ይታያል። ስለዚህ እዚህ ያለው መልካም ታሪኩ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ አብሮት እንዲሄድ ከመሄዱ በፊት ይጠይቅ።

የት ይሄዳል ላልሽው፣ ጉዳዩ የፌዴራል ከሆነ ዝዋይ ቢደርሰው እሰየው ነው፤ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሸዋ ሮቢት ከሆነ ግን አዲስ አበባን አልፈሽ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀርሻል። ለእናታችሁ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ በጽሑፍ አመልክቱ። የእናትሽን ዕድሜና የሱን ሕመም ጥቀሱ፣ ቅርብ ቦታ ይመደብልን በሉ። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቀው የኔልሰን ማንዴላ ደንብ እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ እንዲታሰር፣ ሲዛወርም ወዲያው ለቤተሰቡ የማሳወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በቅርብ ዘመድ የመጎብኘት መብቱ ደግሞ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 ላይ አለ። እናት ስንቅ ይዛ መጥታ «ልጅሽ እዚህ የለም» ስትባል አይቻለሁ። የት እንደሄደ እንኳ አልነገሯትም። አንድ ስልክ መደወል ምን ያስቸግር ነበር?

አንድ ቀን ሄደሽ ካጣሽው አትደንግጪ፣ ከበሩም አትመለሺ። መዝገብ ክፍል ገብተሽ ወዴት እንደተላከ ጠይቂ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዢ። የሱም ፋንታ አለ። ስልክ ይዞ ስለማይሄድ የአንቺንና የእማዬን ቁጥር በቃሉ ያጥና። በሚቀጥለው ስትሄጂ ጠይቂው፣ ሳይሳሳት ይበልልሽ።