በዋሽንግተን ጦር ሰፈር፦ ድንኳን፣ ማድቤት፣ ሽንት ቤት

በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት (1775–1783) ስለ ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ሰፈሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ዘነበ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ድንኳን ውስጥ ስንት ወታደር ያድር ነበር?

መልስ፦ አምስት ወይም ስድስት። ወለሉ በየጎኑ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገለባ ይጎዘጉዙና ጎን ለጎን ይጋደማሉ። መገላበጥ የለም!

ጥያቄ፦ ድንኳኑን ባገኙት ቦታ ነው የሚተክሉት?

መልስ፦ በጭራሽ። ጦሩን ያሠለጠነው ፕሩሲያዊው ፎን ሽቶይበን ያዘጋጀው የ1779 መመሪያ እያንዳንዱን ነገር ደንግጓል። የሰፈሩ ፊት ስፋት ጦሩ ለውጊያ ሲሰለፍ ከሚይዘው ቦታ እኩል ነው። ሌሊት ከበሮ ቢመታ ወታደሩ ከድንኳኑ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ሰልፉ ላይ ነው። በጨለማ ጓዱን የሚፈልግ የለም።

ጥያቄ፦ እሳትና ሸራ እንዴት ይስማማሉ? የት ያበስላሉ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ማድቤቱን ይቆፍሩታል! ክብ ቦይ ይቆፈርና አፈሩ መሀል ላይ ይከመራል። በቦዩ የውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን ትንንሽ ምድጃዎች ይፈለፈላሉ። ከእያንዳንዱ ምድጃ ወደ ላይ ቀዳዳ ይወጣል፤ ድስቱ እዚያ ላይ ይጣዳል። አብሳዩ ቦዩ ውስጥ ሆኖ ማገዶ ይማግዳል። ጡብ የለ፣ ብረት የለ፤ አካፋ ካለ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሽንት ቤትስ?

መልስ፦ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ ዋናው ጉዳይ እሱ እኮ ነው። ከፊት የሰፈረው መስመር የሽንት ቤት ጉድጓድ ከሰፈሩ 300 ጫማ፣ ማለትም 90 ሜትር ገደማ ወደ ፊት ይርቃል። ማድቤቱ ደግሞ ከድንኳኖቹ ኋላ ነው። ሲመች እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ገለባና መኝታው አየር ያገኛል። ጥንቃቄው ያለምክንያት አይደለም። ጦሩ የብርዱን ወራት ባሳለፈበት ሰፈር፣ ቫሊ ፎርጅ ላይ፣ ውጊያ ሳይኖር ወደ 2,000 ሰው በታይፎስ፣ በተቅማጥና በመሳሰሉት አልቋል።

ጥያቄ፦ ብርዱንም በድንኳን ነው ያሳለፉት?

መልስ፦ የለም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1777 ቫሊ ፎርጅ እንደደረሱ ግንድ መቁረጥ ጀመሩ። አንድ ጎጆ 14 በ16 ጫማ ሆኖ 12 ወታደር ይይዛል። ዋሽንግተን በየሬጅመንቱ ቀድሞና አሳምሮ ለሠራ ቡድን 12 ዶላር ሽልማት አቀረበ። እኔ ብሆን ለሽልማቱ ሳይሆን ለብርዱ ስል እፈጥን ነበር።

ጥያቄ፦ የዋሽንግተን ድንኳን አሁንም አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፊላደልፊያ፣ በ2017 በተከፈተው የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም ውስጥ ተተክሏል። መጀመሪያ አጭር ፊልም ያሳያሉ፤ ድንኳኑ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። መንካት ግን አይታሰብም።