ያረጀውን አንጎል አትሽሹት

ውድ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁ «በአንጎል ምርምር ውስጥ የቱን ዘርፍ ብመርጥ ይሻለኛል?» ትሉኛላችሁ። መልሴ አንድ ነው። ስትሮክንና የሚያረጀውን አንጎል አጥኑ። ስታጥኑ ደግሞ በእውነት ያረጀውን አጥኑ። ለምን እንደዚህ አጥብቄ እንደምለው ላስረዳችሁ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን ለብቻው ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የረጋ ደም አንዱን ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋበት ጉዳቱ ወዲያው ይጀምራል። ጄፍሪ ሴቨር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት እንዲህ ባለው ስትሮክ ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ።

ሁሉም ግን አብረው አይሞቱም። መሀሉ ቶሎ ይሞታል። በዙሪያው ያለው ክፍል ሥራውን ያቆማል እንጂ ለተወሰነ ጊዜ ነፍሱ አትወጣም። ይህን ክፍል ፔነምብራ እንለዋለን። የሙያችን ትግል በሙሉ እሱን ለማትረፍ ነው። በ1996 ቲፒኤ የተባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ለስትሮክ ተፈቀደ። በ2015 የወጡ ጥናቶች ደግሞ በደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ማውጣት ብዙ ሰው ከከባድ የአካል ጉዳት እንደሚያድን አሳዩ። ትልቅ ድል ነው። ግን ሁለቱም የተዘጋውን መንገድ ይከፍታሉ እንጂ ሴሉን ራሱን አይጠብቁም።

ሴሉን ለመጠበቅ ያልተሞከረ ነገር የለም። በ2006 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እስከዚያ ድረስ ለስትሮክ የተሞከሩትን ሕክምናዎች ሰብስቦ ሲቆጥር 1,026 ደረሱ። ብዙዎቹ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ጥሩ ሠርተዋል፤ ሰው ላይ የተሞከሩት ግን አንድ በአንድ ከሸፉ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ለምሳሌ እንስሳው መድኃኒቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ በሽተኛው ግን ሆስፒታል እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አይጦቹ በአብዛኛው ወጣት፣ ጤነኛና ወንድ ነበሩ። ስትሮክ ይዟቸው የሚመጡት ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ለዓመታት ደም ግፊት ወይም ስኳር አብሯቸው የኖረ ናቸው፤ ዕድሜ እየገፋ በሄደ ቁጥር ደግሞ የሴቶቹ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። ታዲያ ጥያቄውን የጠየቅነው ማንን ነው?

ያረጀ አንጎል ዓመት የተጨመረበት ወጣት አንጎል አይደለም። የደም ሥሮቹ ይደድራሉ። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ደም በጎን የሚያሻግሩት ትንንሽ ሥሮች ይሳሳሉ። የአንጎል ተከላካይ የሆኑት ማይክሮግሊያ የተባሉት ሴሎች ጠባያቸው ይለወጣል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣሉ፣ ቁጣቸውም ቶሎ አይበርድም። ወጣቱን የረዳ መድኃኒት እዚህ ላይረዳ ይችላል፤ ቢጎዳም አይግረማችሁ።

አውቃለሁ፣ ያረጀ አይጥ ላይ መሥራት ከባድ ነው። ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለባችሁ። ወጪው ብዙ ነው። ስትሮክ እንዲይዛቸው በምናደርገው ቀዶ ጥገና የሚሞቱት ይበዛሉ፣ የሚተርፉትም ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። ጓደኞቻችሁ ሦስት ጽሑፍ ሲያሳትሙ እናንተ አንዱን ላትጨርሱ ትችላላችሁ። ይህ ያሳምማል። ቢሆንም ጠብቁ። ውጤቱ «አልሠራም» ከሆነም አትደብቁት፣ አሳትሙት። እናንተ ካልተናገራችሁ ሌላ ሰው ያንኑ መንገድ እንደ አዲስ ይጀምረዋል፣ በመጨረሻም ዋጋውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

ተመራማሪ ለመሆን ላላሰባችሁትም አንድ ነገር ልበል። ኢንተርስትሮክ የተባለው ሰፊ ጥናት በ2010 እንዳሳየው አስር የሚታወቁ ነገሮች ብቻ 90 በመቶ ያህሉን የስትሮክ አደጋ ይገልጻሉ። ዋናው የደም ግፊት ነው። ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ዓመታት ይቀመጣል። ገና በጎልማሳነት ሥር ሰዶ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። እባካችሁ ተለኩ፣ ጤነኛ ነኝ ብላችሁ አትለፉት።

ለመጀመር ጥያቄ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ እነዚያን ደም የሚያሻግሩ ትንንሽ ሥሮች ያዙ። ለምን በዕድሜ እንደሚሳሱ፣ መሳሳታቸውን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ አጥኑ። እኔ ዛሬ ወጣት ብሆን የምጀምረው ከዚያ ነበር።