ሁለት ጣቱን በማሽን ላጣው ሠራተኛ፦ 40,000 ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት

ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ባለቤትሽ ገላን በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ላሜራ ሲቆርጥ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ደመወዙ 8,000 ብር ነው፣ የጽሑፍ ውል የለውም፣ ጡረታም አይቆረጥለትም። አሠሪው «ጓንት ስላላደረገ ጥፋቱ የራሱ ነው» እያለ 40,000 ብር ተቀብሎ እንዲፈርም ይወተውተዋል።

እህቴ፣ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርም። ገንዘቡ ለቤት ካስፈለገ «በሥራ ላይ ለደረሰብኝ ጉዳት ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙ። አሠሪው ከፈረመበት ሠራተኛው መሆኑንና ጉዳቱን በጽሑፍ አመነ ማለት ስለሆነ ወረቀቱ ለእናንተ ይሠራል።

ጓንቱን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ብቻ ነው። አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት በዚሁ ይመደባሉ። ስለዚህ ጠይቁት፦ መመሪያው የታለ? ጓንቱን የተረከበበት ፊርማስ? ለነገሩ የላሜራ መቁረጫን ስለት ጓንት አይመልሰውም፤ ጣት የሚያድነው ከስለቱ ፊት የሚገጠመው መከላከያ ነው። ተነቅሎ ከነበረ የሥራ ባልደረባው ዛሬውኑ ፎቶ ያንሳው፤ ነገ ተመልሶ ይገጠማል።

ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው ሆስፒታል በር ላይ ነው። በሽተኛውን ያደረሰው የድርጅቱ ሰው «ቤት ውስጥ ነው የተጎዳው» ብሎ ያስመዘግባል፤ ከወራት በኋላ ካርዱ ሲወጣ ሠራተኛው ይሸነፋል። ካርዱ ላይ «በሥራ ላይ፣ በማሽን» የሚል መኖሩን አሁን አረጋግጡ፤ ከሌለ ለሐኪሙ ተናግሮ ያስተካክል።

ውል አለመጻፉ መብቱን አያሳጣውም። ባጅ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝር፣ ከፎርማኑ ጋር የተላላከው የቴሌግራም መልእክት፣ አብረውት የነበሩ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ምስክሮቹን ግን ቶሎ ያዙ፤ የፋብሪካ ሠራተኛ በየወሩ ይቀያየራል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሕክምናው፣ መድኃኒቱና አስፈላጊ ከሆነ ሰው ሠራሽ አካሉ በአሠሪው ወጪ ነው። ከሥራ ውጭ ሆኖ ሲታከም ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ 8,000፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ ማለትም 6,000፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ማለትም 4,000 ብር። ዋናው ካሳ ከዚህ የተለየ ነው። ዘላቂ ሙሉ ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል፦ 8,000 × 12 × 5 = 480,000 ብር። የእሱ ከፊል ጉዳት ስለሆነ የሐኪሞች ቦርድ በሚሰጠው የጉዳት መቶኛ ይባዛል። ለምሳሌ ቦርዱ 15 በመቶ ቢል 72,000 ብር ይሆናል። 40,000ው ከምን እንደመጣ አሠሪው ራሱ ቢጠየቅ የሚመልስ አይመስለኝም። ጡረታ የሚቆረጥለት ወይም ድርጅቱ የመድን ዋስትና የገባለት ቢሆን ግን ስሌቱ ይለያል።

ለቦርድ የሚያቀርበው ደብዳቤ ከድርጅቱ ይጠየቃል፤ እምቢ ካለ በሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በፍርድ ቤት በኩል ነው። ቁስሉ ሳይድን ቦርድ ለመቅረብ አትቸኩሉ፤ ጅማቱ የቱን ያህል እንደተጎዳ የሚለየው ቆይቶ ነው። የሐኪም ቀጠሮ ግን አያሳልፍ፤ ምርመራ የሚሸሽ ሰው ወርሃዊ ክፍያው ሊታገድበት ይችላል።

የት ይሄዳል? ቃሊቲ ብትኖሩም ፋብሪካው ገላን ስለሆነ ጉዳዩ የኦሮሚያ ነው፤ አዲስ አበባ ቢሮ ሄዳችሁ ቀን አታባክኑ። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛ ማስረጃችሁን ቀድማችሁ አስተርጉሙ። የዳኝነት ክፍያ የለም። አሠሪው «ቆይ እንነጋገራለን» እያለ ወራት እንዳያስቆጥራችሁ ተጠንቀቁ፤ የካሳ ጥያቄ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል፣ የቃል ድርድርም ይርጋውን አያቆምም።