ዐርብ ቀብድ እንከፍላለን

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ከባለቤቴ ጋር ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ሜክሲኮ፣ ፕላያ ዴል ካርመን ከገባን 8 ወር ሆነን። ትዕግሥቴ አልቋል። ዲሴምበር ላይ ስንመጣ ባሕሩ ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ፣ ነፋሱም ለስላሳ ነበር። 30 ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ስሠራ ኖሬ አሁን ባርፍ ምን አለበት ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ከኤፕሪል ወዲህ ግን ባሕሩ ሳርጋሶ የሚሉትን ቡናማ አረም እየተፋ ነው። ጠዋት በትራክተር ይጠርጉታል፤ ማታ ተመልሶ ተከምሮ ይገኛል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። መስኮት ብዘጋም ይገባል፤ ራሴን ያመኛል። የአንገቴ የብር መስቀል እንኳ ጠቁሯል።

መስኮት ስለማልከፍት ኤሲው ቀንም ሌሊትም ይሠራል። በቅርቡ የመጣው የ2 ወር የመብራት ሂሳብ ከ9,000 ፔሶ በላይ ነው። ታች የምትኖረው ሜክሲኳዊት ጎረቤቴ ግን 900 እንኳ አልከፈልኩም አለችኝ። የውጭ ሰው ስለሆንን እየዘረፉን ይሆን? ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። ሲልቨር ስፕሪንግ 3 ቀን የሚፈጅብኝ ሊጥ እዚህ በማግስቱ ኮምጥጦ ያድራል። ቡና ስቆላ ጭስ ገባብን ብለው ለሕንፃው አስተዳዳሪ ከሰሱኝ። ኪንታ አቬኒዳ በሚሉት የቱሪስት መንገድ ላይ በየ10 እርምጃው ታክሲ፣ ማሳጅ፣ ጉብኝት እያሉ መንገድ ይዘጉብኛል፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አያርፍም። አንድ ቀን ባሕር ዳር ልቀመጥ ብዬ ዘበኛው የሆቴሉ ቦታ ነው ብሎ አስነሣኝ። ከዚያ ሰፈር ወጥቼ የሄድኩት አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነው፤ ጁን ላይ የቱሪስት ፈቃዳችን 180 ቀን ሊሞላ ሲል ወጥተን ለመግባት።

ባለቤቴ ግን አገሩን ወዶታል። ስፓኒሽ ይማራል፣ ከሰው ይግባባል። ቱሉም በኩል 800 ካሬ ዛፍ የሞላበት መሬት አግኝቷል። ሻጩ ኤሂዶ የሚሉት የገበሬ ማኅበር አባል ነው፤ የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ሰርቲፊካዶ (የምስክር ወረቀት) አሳይቶናል። ባንክም ኖታሪዮ የሚሉት አዋዋይም ለጊዜው አያስፈልግም፣ መብት ማስተላለፊያ ውል ይበቃል ብሎናል። ዋጋውም ከአካባቢው በግማሽ ያንሳል። ዐርብ 20,000 ዶላር ቀብድ እንከፍላለን፤ እኔም እፈርማለሁ። ስለ እሱ አልጨነቅም፤ ባለቤቴ አጣርቶታል። የሚያስጨንቀኝ እዚያ ጫካ ውስጥ ገብቼ ይህንኑ ሙቀት መቁጠሬ ነው።

ልጄ ኦክቶበር ላይ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው። ነይልኝ አላለችኝም፤ አባቷን ላለማስከፋት ይመስለኛል። እሱ ደግሞ «አሁን ከሄድሽ አትመለሺም» ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ላልመለስ እችላለሁ። 34 ዓመት በትዳር ኖራ በባሕር አረም ምክንያት ባሏን ጥላ ሄደች ይባልልኝ? ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?

ትዕግሥቷ ያለቀባት፣ ከፕላያ ዴል ካርመን

*

እህቴ፣

ዐርብ አይፈርሙ። ስለ አረሙና ስለ መብራቱ እመለስበታለሁ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን «ስለ እሱ አልጨነቅም» ብለው በአንድ ትንፋሽ ያለፉት ነገር ነው።

ኤሂዶ ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ ለገበሬ ማኅበራት በጋራ የተሰጠ መሬት ነው። ያሳዩአችሁ ሰርቲፊካዶ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን የሚመሰክረው ሰውየው በማኅበሩ ውስጥ በዚያች ቁራሽ የመጠቀም መብት እንዳለው ነው እንጂ ለውጭ አገር ሰው ሊሸጣት እንደሚችል አይደለም። አዲስ አበባ ዙሪያ የገበሬ መሬት በመንደር ውል ገዝተው ቤት የሠሩ ሰዎች የደረሰባቸውን ባለቤትዎ አልሰሙም አልልም። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ካርታው የታለ?» ነበር። ዋጋው በግማሽ የወረደውም ካርታ ስለሌለው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ የመሬት ሕግ ወዲህ የኤሂዶ ይዞታ ወደ ግል ይዞታ መዞር ይችላል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይፈቅዳል። የአገሪቱ የገበሬ መሬት መዝገብ ሰርቲፊካዶውን ሰርዞ የባለቤትነት ሰነድ ያወጣል፤ ያም በሕዝብ ንብረት መዝገብ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላም በመጀመሪያው ሽያጭ ቤተሰቡና የማኅበሩ ሰዎች ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው፤ ከተነገራቸው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ይጠበቃል። አንዱ ከጎደለ እናንተ የያዛችሁት ደረሰኝ ነው። በ2016 ጁን ቱሉም ባሕር ዳር ላይ በባለቤትነት ክርክር የተነሣ ሆቴሎች በአንድ ቀን ተለቅቀው እንግዶች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጥተዋል። ብዙዎቹ ዓመታት የሠሩ፣ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ነበሩ።

ከባሕር ጠረፍ 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ የውጭ አገር ሰው መኖሪያ መሬት በቀጥታ በስሙ አይዝም። ባንክ በአደራ ይይዝለታል፤ ይህ ፊዴይኮሚሶ ይባላል። ለ50 ዓመት ነው፣ ይታደሳል፣ ይወረሳል፣ ይሸጣል፤ ለባንኩ በየዓመቱ ጥቂት መቶ ዶላር ይከፈላል። ባንክ ኤሂዶን በአደራ አይቀበልም። ሻጩ «ባንክ ለጊዜው አያስፈልግም» ያላችሁም ለዚህ ነው። ነገ ደግሞ በአንድ ሜክሲኳዊ ስም እናድርገው ሊሏችሁ ይችላሉ፤ በስሙ የሆነው ሰው በሕግ ባለቤቱ እሱ ነው፤ ቢሞት የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው።

የሜክሲኮ ኖታሪዮ አሜሪካ 10 ዶላር ከፍለው ፊርማ የሚያስመሰክሩበት ሰው አይደለም። መንግሥት የሾመው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሽያጩ በእሱ እጅ ካላለፈ ሽያጭ አይባልም። የሚመርጠውም ገዢው ነው፤ ሻጩ ያመጣውን አይቀበሉ። ሐሙስ ዕለት ሻጩን ሦስት ወረቀት ይጠይቁት፦ የመዝገብ ቁጥር ያለበት የባለቤትነት ሰነድ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ አዲስ ማስረጃ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ። «በኋላ ይመጣል» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

ደግሞ «ባለቤቴ አጣርቶታል» የሚለውን ከእርስዎ አልቀበልም። 20,000 ዶላሩ ውስጥ 30 ዓመት ሌሊት የቆሙበት እግርዎ አለበት። የሚፈርመው እጅም የእርስዎ ነው። ዛሬ ማታ ይህን ገጽ ያስነብቧቸው፤ ቢቆጡም ይቆጡ።

አሁን ወደ መስቀልዎ። ብር በ8 ወር ያለ ምክንያት አይጠቁርም። ሳርጋሶ ባሕር ዳር ከወጣ ከ2 ቀን ገደማ በኋላ ሲበሰብስ የሚለቀው ጋዝ ነው ያጠቆረው፤ ራስ ምታትዎም ከዚያው ሊሆን ይችላል። ያው ጋዝ የኤሲውን የመዳብ ቱቦ ይበላል፤ ጨው ይጨመርበታል፤ የተበላ ኤሲ ደግሞ ሳያቀዘቅዝ ይሠራል። የውጭውን ክፍል በየ2 ወሩ በንጹሕ ውኃ ያሳጥቡት፣ የኤሲው ማቀዝቀዣ ጋዝም ይለካ። ቴርሞስታቱ 25 ላይ ይቁም፤ 19 ላይ ሲያስቀምጡት ቤቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ማሽኑ ማረፍ ብቻ ነው የሚያጣው።

የመብራቱ ነገር ዘረፋ አይደለም። መንግሥት ጥቂት ለሚጠቀም ቤት ይደጉማል፤ ጎረቤትዎ ድጎማው ውስጥ ናቸው። የ12 ወር አማካይ ፍጆታ ለአካባቢው ከተቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ድጎማው ይነሣና ሂሳቡ ላይ «ዳክ» የሚል ይጻፋል። ወረቀቱን አውጥተው ይዩት። ከዳክ የሚወጣው አማካዩ ሲወርድ ነው፤ አንድ ወር ስለቆጠቡ አይለወጥም። ቤቱን ስትከራዩ ቀድሞ የነበረው ሰው ዳክ ውስጥ ጥሎት ሄዶም ሊሆን ይችላል።

ኪንታ አቬኒዳ ላይ ተቀምጠው ፕላያን ጠላሁ ማለትዎ ግን አሳዝኖኛል። እስካሁን ያዩት የቱሪስቱን ኮሪደር ነው። አቬኒዳዎቹ ከባሕሩ ትይዩ ሆነው በ5 በ5 ይቆጠራሉ፦ 5፣ 10፣ 15፣ 20 እያሉ። 30ኛውን ሲሻገሩ ሙዚቃው ይጠፋል፣ ሽታው ይቀላል፣ ኪራዩም ይወርዳል። ከዚያ በኩል ያለው ሰው በአብዛኛው ከቺያፓስ፣ ከታባስኮ፣ ከዩካታን ለሥራ የመጣ ነው፤ እንደ እርስዎ ስደተኛ ነው። ገበያው ውስጥ ለሽሮ የሚሆን ሽምብራ፣ ለወጥ የሚሆን ምስር፣ የቺያፓስ ጥሬ ቡና ይገኛል። ቡናውን ጣሪያ ላይ ይቁሉት፤ አብዛኛው ሕንፃ የጋራ ጣሪያ አለው፤ ማታ ነፋስ ሲነሣ ጭሱም ሰው አይደርስም። ሊጡን እርሾ በግማሽ ቀንሰው ያቡኩት፤ ማታ ካቦኩት ጠዋት ፍሪጅ ያስገቡት። 30 ዲግሪ ውስጥ 3 ቀን የሚቆይ ሊጥ የለም።

አረሙን የሚያመጣው የምሥራቅና የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነው። እንግዲህ ነፋሱ የማይደርስበት ይሂዱ። ከፕላያው ወደብ በጀልባ 45 ደቂቃ ያህል የኮዙሜል ደሴት ናት፤ ምዕራባዊ ዳርቻዋ ከነፋሱ ጀርባ ስለሆነ ፕላያ በአረም ተሸፍና እንኳ እዚያ ውኃው ጥርት ብሎ የሚገኝበት ቀን ብዙ ነው። ምሥራቃዊው ዳርቻ ግን ማዕበል ነው፣ አረምም ነው፤ አይዋኙበት። ካዬ 2 በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከ15ኛውና ከ20ኛው አቬኒዳ መካከል፣ ወደ ቱሉም የሚሄዱ፣ ኮሌክቲቮ የሚባሉ ነጫጭ ሚኒባሶች ይቆማሉ፤ ሲሞሉ ይነሣሉ። ለሹፌሩ «ሴኖቴ አሱል» ይበሉት፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ መንገድ ዳር ያወርድዎታል። የኖራ ድንጋዩ ተደርምሶ የተከፈተ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጨው የሌለው፣ ሽታ የሌለው። ጠዋት ቀድመው ይግቡ፣ ሎሽን አይቀቡ፣ የውኃ ጫማ ያድርጉ። አድረው ለመመለስ ከሆነ ባካላር ሐይቅ አለ፤ በአዴኦ አውቶቡስ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ። የቫያዶሊድን ከተማ ካሰቡ ዩካታን ግዛት ውስጥ ስለሆነች ሰዓቷ ከፕላያ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ዘበኛው ወንበሩን ቢከለክልዎት መብቱ ነው። አሸዋው ግን የሆቴሉ አይደለም። የሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ በሙሉ የሕዝብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ መተላለፊያ የሚዘጋ ንብረት ይቀጣል። ፎጣዎን ያንጥፉ። የቤተሰብ ቦታ ከፈለጉ በከተማው ሰሜን ጫፍ ፑንታ ኤስሜራልዳ አለ፤ ንጹሕ ምንጭ ከአሸዋው ወጥቶ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ እሑድ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ እዚያ ነው።

ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ብለውኛል። ይሂዱ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷን ነይልኝ እስክትል አይጠበቅም። ይህ ባል ጥሎ መሄድ አይባልም፤ ልጅ ማረስ ነው። ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀኗ ክርስትና እዚያው ይሁኑ። ትዳርዎን ግን አሁን አይመዝኑት። ኦገስት ፕላያ ውስጥ ሙቀቱም እርጥበቱም አረሙም አንድ ላይ የሚከፉበት ወር ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ የሰሜን ነፋስ ይገባል፣ ባሕሩም ዲሴምበር ላይ ያዩት ባሕር ይሆናል።

ባለቤትዎም አብረው ይሂዱ፤ አያት ሊሆኑ ነው፤ ደግሞም የግድ የሚያስሄዳቸው ጉዳይ አለ። በቱሪስት ፈቃድ ወጥቶ መግባት የሚያዛልቅ አይደለም፤ 180 የሚለው ጣሪያው ነው፣ መኮንኑ 20 ቀን ሊሰጣችሁ ይችላል። ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠየቀው ከሜክሲኮ ውጭ፣ ቆንስላ በአካል ቀርቦ ነው። የሕፃኑን መምጣት እየጠበቃችሁ ዋሽንግተን ቀጠሮ ያዙ፤ የጡረታ ገቢ ወይም የባንክ ሂሳብ ማስረጃ በየስማችሁ ይዛችሁ። ቪዛው ለ180 ቀን ይሠራል፣ የሚያስገባውም አንዴ ነው። ካንኩን ስትደርሱ በአውቶማቲኩ በር አትለፉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መኮንኑ ጋ ቀርባችሁ ቪዛውን አሳዩ፣ ለካርድ መለወጫ 30 ቀን መጻፉን አረጋግጡ። እንደ ቱሪስት ከመዘገባችሁ የደከማችሁበት ሁሉ እንደገና ይጀመራል። በ30 ቀኑ ውስጥ ፕላያ ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ካርዱን ታወጣላችሁ። 65 ዓመት ከሞላዎት ደግሞ የአሜሪካውን የአረጋውያን ጤና መድን፣ የሜዲኬርን ፓርት ቢ፣ አይሰርዙ፤ ሜክሲኮ ውስጥ በአብዛኛው አይከፍልም፣ ነገር ግን ያለ እሱ በቆዩት በእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት ወርኃዊ ክፍያዎ ላይ 10 በመቶ ይጨመርብዎታል።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ተነሡ። ያኔ የአውሎ ነፋሱ ወቅት የበረታበት ነው፤ ዊልማ የተባለችው አውሎ ነፋስ በ2005 የመጣችው ኦክቶበር ላይ ነበር። ከመውጣታችሁ በፊት የኤሲውን መብራት ከማከፋፈያው አጥፉ፣ የጋዙን ቧንቧ ዝጉ፣ የበረንዳውን ዕቃ ሁሉ አስገቡ፣ የመስኮት መከለያውን አውርዱ። የቁም ሳጥኑን በሮች ከፍታችሁ ተዉአቸው፣ ቆዳ ጫማና መጽሐፍ ከግድግዳ አርቁ። ፍሪጁን ካልነቀላችሁ አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀዝቅዛችሁ በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከብርጭቆው ሥር ከተገኘ መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ነበር ማለት ነው፤ በርበሬውን ብቻ አስቀርታችሁ ያለውን ሁሉ ጣሉት።