ጥያቄና መልስ፦ የዐድዋ ጦርነት በጠረጴዛ ላይ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር የዐድዋን ጦርነት በካርታ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ አድርገን እያዘጋጀን ነው፤ ሠራዊቱን የምንወክለው በጥሬ ቡና ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ የጣሊያንን ወገን የያዘው ተጫዋች ብርጌዶቹን ስለማይነጣጥል ጨዋታው ከታሪኩ ጋር አልገጥም ብሎናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ችግሩ ያለው ከተጫዋቹ ሳይሆን ከካርታው ነው። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ 17,700 የሚጠጋ ሠራዊትና 56 መድፍ አሰልፎ በጨለማ ሲጓዝ በእጁ የነበረው የካርታ ንድፍ የተሳሳተ ስለነበር፣ ከብርጌዶቹ አንዱ የሆነው የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከታሰበለት ቦታ አልፎ ሄዶ ከሌሎቹ ተነጠለ። የእናንተ ተጫዋች ግን ኮረብታውን ከነትክክለኛ ቦታው እያየ ስለሚጫወት እንዲህ የሚሳሳትበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ስሕተት ያለበትን ንድፍ ስጡትና የሌሊቱን ጉዞ ትእዛዝ አስቀድሞ በጽሑፍ ያቅርብ፤ እውነተኛውን ካርታ የያዘ ዳኛ ደግሞ ጦሩ የት እንደ ደረሰ ጎሕ ሲቀድ ይግለጥ። በእኔ አስተያየት ለታሪክ መታመን ያለበት ውሳኔው የተሰጠበት ሁኔታ እንጂ ውጤቱ አይደለም፤ አሸናፊውን በጨዋታው ደንብ አስቀድማችሁ ከወሰናችሁማ ጨዋታው ተውኔት ይሆናል።

ስንቅንም አትርሱ። ሁለቱም ወገኖች ስንቅ እያለቀባቸው ስለነበር በቦታው መቆየት ለማንም በነጻ የሚገኝ ምርጫ አልነበረም። የኢትዮጵያን ሠራዊት ብዛት በተመለከተ 100,000 ገደማ የሚለው ግምት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ስንቅ ፍለጋ የተሰማራውን ክፍል ከጨዋታው የመጀመሪያ ተራ ጀምሮ አታሰልፉት።